መሰናዶ ስንል ምን ማለታችን ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና እና የዓመቱ መዝጊያ ዜና

(በባቱ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)

 

ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ሁሉ ዜና አለው። እኔ ልጅ ሳለሁ ዜናው ደረጃ ነበር። በወላጆች በዓል ዕለት ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ስማቸው ይጠራል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። የቀረነው ካርዳችንን ይዘን ወደ ቤት እናዘግማለን፤ መንገድ ላይ ያገኘን ጎረቤት ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለናል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የዓመቱ ዜና ወደ አንዲት ጥያቄ ጠቧል፦ «ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አሳለፈ?» የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ቁጥር፣ ይልቁንም ከቁጥሩ በፊት ሊመጣ ስለሚገባው ነገር፣ ማለትም ስለ መሰናዶ ነው።

በቃሉ ልጀምር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ለሁለት ከፈለው። 9ኛና 10ኛ ክፍል አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ሲባሉ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ ሆኑ። ሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው፤ በእንግሊዝ አገር ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት በጥቂት የትምህርት ዓይነቶች ላይ ብቻ አተኩሮ የሚማርባቸው ኮሌጆች አሉ። በእኛ ዘንድ ከጊዜ በኋላ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ አደረጃጀቱም ተለውጧል። «መሰናዶ» የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ያነሳል፦ ተማሪው የሚሰናዳው ለምንድን ነው? ለፈተናው ነው ወይስ ከፈተናው ወዲያ ላለው? የኔ መልስ፣ ሁለቱን መለያየታችን ሁለቱንም አሳጥቶናል የሚል ነው።

ቁጥሮቹን አብረን እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

መሻሻል አለ፤ ሊካድም አይገባም። ሆኖም ቁጥር ሲነበብ አካፋዩም ይነበባል። በአራት ዓመት ውስጥ ያለፉት ተማሪዎች በ19,020 ጨምረዋል፤ የተፈታኙ ቁጥር ግን በ310,638 ቀንሷል። በ2017 ያለፉት 48,929 ተማሪዎች በ2014 የተፈታኝ ቁጥር ቢካፈሉ ኖሮ ውጤቱ 8.4 ሳይሆን 5.5 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። የተፈታኙ ቁጥር የቀነሰባቸው ምክንያቶች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የግልና የማታ ተፈታኞች መቀነስ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከመንገድ የቀሩም ይኖራሉ። እኔ ማለት የምፈልገው፣ መቶኛው ብቻውን ዜና እንደማይሆን ነው።

ሌላም ቁጥር አለ። በ2014 ከ2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ እንዲሁ ሆኑ። ከአሥር ትምህርት ቤት አራቱ መሆናቸው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰነፍ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ አሥር ሰነፎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ እንኳ ሳያልፍ ሲቀር ግን ስለ ተማሪ ስንፍና ማውራት ራስን ማታለል ነው።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ቀድሞ እንዴት ያልፉ ነበር?» ይላል። የዚህን መልስ በዕድሜ የበሰላችሁት ታውቁታላችሁ። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ዘመን መልስ ይቀባበሉ ነበር፤ በኋላም ስልክ መጣ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ብሔራዊ ፈተናው ተሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች በሐምሌ እንደገና ተቀመጡ። ያን ዓመት በኦሮሚያ በብዙ ቦታ ትምህርት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርና ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄም ይነሳ እንደነበር እዚህ ያላችሁ መምህራን ታስታውሳላችሁ። ያልተማሩትን የተጠየቁት ልጆች ቁጣ የሚገባኝ ነው። ቁጣቸውን መረዳት ግን የተሰረቀ ፈተና ተማሪውን ራሱን እንደሚዘርፈው አያስረሳኝም፤ ተማሪው ሳያውቅ ያወቀ ይመስለዋልና። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወርና ስልክ ከበር ሲቀር፣ ያልነበረ ድክመት አልመጣም፤ የነበረው ታየ።

ድክመቱ ምን ያህል ነው? በ2015 እና በ2016 የተፈታኞች አማካይ ውጤት ከመቶ 30 አልደረሰም። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት አማራጭ አለው፤ ስለዚህ ምንም ሳያነብ በዕድል ብቻ የሚያጠቁር ሰው ከመቶ 25 ገደማ ያገኛል። አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ተማሪው የሚያውቀውን በትክክል ይመልሳል፤ የማያውቀውን ይገምታል፤ ከግምቱም ሩቡ ይሰምርለታል እንበል። ከመቶ 30 ያመጣ ተማሪ በእርግጥ የሚያውቀው ከ15 ጥያቄ አንዱን ነው። ከመቶ 50 ያመጣውስ? ከሦስት ጥያቄ አንዱን። ስሌቱ እውነታውን አቅልሎ የሚያሳይ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ብዙ ተማሪ ከግምት ብዙም አልራቀም። ሁለተኛ፣ የማለፊያው መስመር እንደሚፈራው ሰማይ ላይ የተሰቀለ አይደለም። ከሦስት ጥያቄ አንዱን በእርግጥ ማወቅ፣ ሁለት ዓመት በአግባቡ ለተማረ ልጅ የሚቻል ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይጎድላል? ከራሴ ክፍል አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ለሚከታተሉ ተማሪዎች የፊዚክስ ጥያቄ ሰጠሁ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ «ስታርትስ ፍሮም ሬስት» ይላል፤ ከቆመበት የሚነሳ አካል ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ዶክተር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳረፈ አልተሰጠም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁን ወደ ጎን ጠርቼ ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ነገርኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሠርቶ አሳየኝ። ቀመሩን ያውቃል፤ ሒሳቡን ይችላል፤ ያቃተው ዓረፍተ ነገሩ ነበር። የሳቁትን ልጆች ወረቀት ሳርም ደግሞ ከሳቁት ብዙዎቹ ጥያቄውን እንዳልሠሩት አየሁ።

በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ይህ ትክክል ነው፤ ልጅ በሚያስብበት ቋንቋ መማር አለበት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። መምህሩ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ያስረዳል፤ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ማንም ገጹን አያነብም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመርም የታተመ መጽሐፍ በብዙ ቦታ አልደረሰም፤ ተማሪው በስልክ በሚታይ ቅጂ ነው የቆየው። እንዲህ አራት ዓመት ያሳለፈ ልጅ የባዮሎጂ ፈተና ሲቀርብለት ከባዮሎጂው በፊት የሚገጥመው ንባብ ነው። ስለዚህ የዛሬው ዋና ሐሳቤ ይህ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት ከሁሉ አስቀድሞ የንባብ ዝግጅት ነው፤ እኛ ግን ያደረግነው የመልስ ዝግጅት ነው።

የመልስ ዝግጅት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በራሴ ላሳይ። የማትሪክ ፈተና የወሰድኩት በ1981 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ይህች ከተማ ዝዋይ ትባል ነበር። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎችና መልሶች የተገለበጡበት ደብተር ተውሼ፣ ከደንበል ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ነፋሱ ገጹን እያገላበጠብኝ በቃሌ ያዝኩት። ደብተሩን ብትጠይቁኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበንበው ነበር። ፈተናው ቀን ጥያቄዎቹ ሌሎች ሆኑ። ውጤቱ ሲመጣ ያሰብኩበት አልደረስኩም።

ክረምቱንና ቀጣዩን ዓመት ከአጎቴ ጋር በጀልባ ዓሣ ሳሰግር ከረምኩ። ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማታ ማታ ይጠሩኝና አንድ ገጽ ያስነብቡኛል፤ ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለው ይከድኑታል። «አሁን ንገረኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ በምንነጋገርበት ቋንቋ፣ ቀጥሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ያልቻልኩትን አይነግሩኝም፤ መጽሐፉን መልሰው ይሰጡኛል። እጄ መረብ ሲጎትት የዋለ ነውና ብዙ ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ አንድ ገጽ ሳይነገር ግን አንድም ማታ አላለፈም። በ1982 ዓ.ም. ተፈተንኩና ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት በዚያ የተከደነ መጽሐፍ ነው።

ጋሼ ያደረጉት ነገር ሳይንስ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩት የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ መጽሐፉን ከድኖ መናገር ግን ያሳውቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቀለሙን በየኔታ ፊት ያለ መጽሐፍ ይወጣል፤ የቁርኣን ተማሪም ሉሁን አስቀምጦ በሼኹ ፊት ይቀራል። አባቶቻችን የሚያውቁትን መንገድ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በፎቶ ኮፒ ወረቀት ለወጠው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቹ ልዙር፤ የቀራችሁ ጊዜ አጭር ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አራት ዓመት አይካካስም፤ እንዲህ የሚላችሁ ካለ አትመኑት። በቀረው ጊዜ ግን የሚሠራ ሥራ አለ።

አንደኛ፣ በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ ሁለት ገጽ አንብባችሁ ከድኑት፤ ለጓደኛችሁ በቋንቋችሁ አስረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፉ። የሰማችሁት ጓደኛ ካልገባው እናንተም አልገባችሁም። ሁለተኛ፣ የቆዩ ፈተናዎችን ሥሩ፤ ግን ሰዓት ይዛችሁ። ትክክለኛውን መልስ ካገኛችሁ በኋላ የቀሩት ሦስቱ ለምን ስሕተት እንደሆኑ ጻፉ። በዚህ መንገድ አንዱ ጥያቄ አራት ጥያቄ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የማታውቋቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሳይሆን የማይገቧችሁን የጥያቄ አባባሎች ሰብስቡ፤ «ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው» የሚለው ብቻ ስንቱን ልጅ እንደሚጥል እኛ አራሚዎቹ እናውቃለን። አራተኛ፣ ተኙ። ጫት ቅሞ ማደር ገጹን ያስገልጣል እንጂ አያስቀምጥም፤ ያልተኛ ሰው ያነበበውን አይዘውም።

ፈተናውን በወረቀትም ሆነ በኮምፒውተር፣ ከቤታችሁ ርቃችሁ፣ በማታውቁት ግቢ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ከብዙዎቻችሁ አብራችሁ የምትሄደው ጭንቅላታችሁ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ከአሁኑ ለእሷ ስንቅ ስነቁላት።

መምህራን ሆይ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የ12ኛ ክፍል ወንበሮች ባዶ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ተማሪው «ማጥናት ይሻለኛል» ብሎ ይቀራል፤ እኛም ደክሞናልና አንከለክልም። እነዚያን ክፍለ ጊዜያት ለንባብ ስጧቸው፤ የማጠናከሪያ ትምህርቱም የመልስ መስጫ ሳይሆን የማንበቢያ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን በ12ኛ ክፍል ሳይሆን በ9ኛ ጀምሩት። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ዕዳ አለብን፤ በየዓመቱ በር ላይ ቆመን ደካማ ተማሪ መጣብን እንላለን፤ ያስተማሯቸውን መምህራን ያሠለጠንናቸው እኛው መሆናችንን ግን አንናገርም።

ወላጆች ሆይ፣ አንዳንዶቻችሁ ጎሕ ሳይቀድ ለአበባ እርሻው ሰርቪስ ትሰለፋላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ትውላላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ሌሊቱን ሐይቅ ላይ ናችሁ። ልጅ ቢያግዛችሁ አይፈረድባችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከቀኑ ውስጥ ማንም የማይነካው ሁለት ሰዓት ለልጃችሁ፣ በተለይ ለሴት ልጃችሁ፣ ስጧት። ወንድሟ ደብተር ሲገልጥ እሷ ምጣድ ላይ ናት፤ ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

በመጨረሻም ስለማያልፉት ልናገር፤ እነሱ ብዙ ናቸው፤ በዚህ አዳራሽም አሉ። ማለፊያ ያላገኘ ተማሪ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለው፤ ቴክኒክና ሙያ አለው፤ እንደገና መፈተን አለው። ልጆቼ፣ ውጤቱ የሚለካው አንድን ሰሞን ነው፤ እናንተን አይለካም። እኔ ያን ዓመት ጀልባ ላይ ሳለሁ ሰው ሁሉ «ወደቀ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። በአንጻሩ ፈተናውን አልፈው ማንበብ ሳይችሉ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አውቃለሁ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ የተሸሸው ንባብ በዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት መዝጊያ የትምህርት ቤታችሁን ዜና ስታዘጋጁ ካለፉት ቁጥር ጎን ሦስት ነገር ጨምሩ ብዬ አደራ እላለሁ። 9ኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ 12ኛ ክፍል ደረሱ? ያላለፉት የት ሄዱ፣ ማንስ ጠየቃቸው? ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁስ አንድ ገጽ አንብቦ፣ መጽሐፉን ከድኖ፣ ያነበበውን መናገር የሚችለው ስንቱ ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬ ብትመልሱት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የምታውጁትን ቁጥር ከወዲሁ ታውቁታላችሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ገጽ አንብቡ፤ ከዚያ መጽሐፉን ለወንድማችሁ ወይም ለእህታችሁ ስጡና «ያዝልኝ፤ ልንገርህ»፣ «ያዢልኝ፤ ልንገርሽ» በሉ። መሰናዶ እሱ ነው።

መልካም ፈተና ይሁንላችሁ።